ከሞተሩ ተፈቶ ግድግዳ ላይ ስለታሰረው ሴንሰር

ለተከበሩ የኃይል ማመንጫችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? እጅዎም እግርዎም በየቦታው አለ? ተመስገን! የባሌ ግራ እጅ ከክርኑ በታች ስለሌለ፣ የሰው አካል መቁጠር አመል ሆኖብኝ ነውና አይቀየሙኝ። እኔ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ፊት የምቀመጠው ሠራተኛዎ ነኝ። ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

1ኛ. በሁለቱ ሞተሮቻችን በየሲሊንደሩ ላይ የታሰሩት የንዝረት ሴንሰሮች፣ ነዳጁ ያለ ጊዜው ሲቀጣጠል የሞተሮቹን መንገጫገጭ እየለኩ ደወል ያሰሙ ነበር። እርስዎም ጩኸቱ እንግዶችዎን ስለረበሸ፣ ሴንሰሮቹ ተፈትተው ከሞተሮቹ አጠገብ ካለው ግድግዳ ጋር እንዲታሰሩ አዘዙ፤ እኛም ሞተሮቹ ተጠግነዋል ተባልን። ግድግዳ ነዳጅ አያቃጥልምና ስክሪኔ ጸጥ አለ። ለዚህ ጸጥታ ስለተሸለሙ እንኳን ደስ አለዎት!

2ኛ. አንደኛው ሞተር በጠራራ ፀሐይ ፈነዳ። የፒስተኑ ዘንግ የሞተሩን ብረት በርቅሶ ወጣ፣ ሞተሩን ይጠብቅ የነበረውን የባሌን ክንድ ቆርጦ ከማዶው ግድግዳ ጋር አላተመው፤ የፈላው ዘይት ፊቱን ላጠው። ሮጬ ስደርስ ደሙ አንሸራቶኝ ወደቅሁ። እጁን ከነቀለበቱ ከወለል ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሴንሰሮቹን ግድግዳው ላይ ያየኋቸውም ያን ዕለት ነው። ስክሪኔ ያኔም ሰላም ነው ይል ነበር።

3ኛ. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አጣሪ ኮሚቴዎ ዘግይቶ መጣና፣ ሴንሰሩ ያስመዘገበው ንዝረት ስለሌለ ሞተሩ ጤነኛ ነበር፣ ጥፋቱ የባሌ ነው ብሎ ፈረደ። ወይ ነዶ! ከተቆረጠ ክንድ ይልቅ ግድግዳ ታመነ።

4ኛ. ይባስ ብለው፣ የሁለተኛው ሞተር ሴንሰሮች ያው ግድግዳው ላይ እንዳሉ፣ የባሌን ታናሽ ወንድም እዚያ መደቡልን። አማቴ የወለዱት ሁለት ወንድ ብቻ ነው፤ የአንዱ ክንድ አላጠገበዎትም ማለት ነው? አንጀቴ አሯል፣ ጌታዬ። ማጅራትዎን ይዤ ጆሮዎን ከጋለው ሞተር ጋር ባጣብቀው ምንኛ ደስ ባለኝ፤ የያዘኝ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ነው።

ረጅም ዕድሜ ከሙሉ አካል ጋር እየተመኘሁልዎ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ፣ ክንዱን ያጣው ሰው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቢሮዎ ቢጨልም አይደንግጡ። ዛሬ ጠዋት ሳላስፈቅድዎ ሴንሰሮቹን ከሁለተኛው ሞተር ጋር መልሼ አሰርኳቸው፤ ወዲያው ደወሉ ጮኸ፤ ሞተሩን አጠፋሁት፣ የባሌንም ወንድም ወደ እናቱ ቤት ሰደድኩት። መብራት ካማረዎት፣ መጥተው በገዛ እጅዎ ያስነሡት፤ ሞተሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጬልዎታለሁ።