ከአጥሩ ሥር ያለው ኮባ ወይም ሙዝ

ቴፒ፣ ሰኔ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

አምና ከወንዙ ዳር ነቅዬ ያመጣሁት ተክል ዛሬም ቤታችንን ለሁለት እንደከፈለ ነው። እኔ ሙዝ ነው እላለሁ፤ ባለቤቴ አስቴር የጫካ ኮባ ነው ትላለች። ቅጠላቸው እንደ ወንድማማች ስለሚመሳሰል ለሁለታችንም ማስረጃ አይጠፋም። ክፋቱ፣ ኮባ ከሆነ እሷ እንደምትፈልገው ወደ ደብረ ማርቆስ ዝውውር እጠይቃለሁ፣ ሙዝ ከሆነ ግን እዚሁ እንቀራለን ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ኑሮውን በቅጠል ያስያዘ የመጀመሪያው የጂኦግራፊ አስተማሪ ሳልሆን አልቀርም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ጋሽ ከድር በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ “መምህር፣ ቅጠሉን ተወውና ሥሩን እይ። ሙዝ አጠገቡ ልጅ ያወጣል። የጫካ ኮባ ብቻውን ኖሮ ብቻውን ነው የሚሞተው” አሉኝ።

“እንደ ርዕሰ መምህራችን” አልኳቸው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጣት የምታህል ቡቃያ ግንዱን ተጠግታ ወጥታለች። ዙሪያዋን በእሾህ ታጥራለች። እኔ አላጠርኳት።

አስቴር ጓሮ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

“ፍየል እንዳይበላት ነው” አለች፣ ቀና ሳትል።

“መቼ አየሻት?”

“ሰንብታለች።”

ስለ ዝውውሩ አላነሳችም። እኔም ሽንኩርቱን አብሬያት መላጥ ጀመርኩ።