እሑዴን ስለወሰደብኝ አመድ

ለተከበሩ የሳንታ ሉዊዛ የሕዝብ መብራት ድርጅት የቦርድ ሰብሳቢ
ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ፣ ኦክቶበር 2016

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም የቦርዱ አባላትም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በረሃ ላይ የተኛው የድንጋይ ከሰል አመዳችሁ ደህና መሆኑን በየሳምንቱ ስለምሰማ፣ የእርሱን ጤና መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የምጽፍልዎ የልጅ ልጄ ኤልዳና የዚህ አመድ ጠባቂ መሐንዲስ ስለሆነች ነው። ቀድሞ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ፓርክ የምታደርግበት እስክታገኝ ሰፈሩን ሦስቴ እየዞርን ስናወራ ቆይተን፣ እዚሁ ፌርፋክስ ምሳ ታበላኝ ነበር። እናንተ ከቀጠራችኋት ወዲህ ግን ነፋስ በተነሣ ቁጥር አራት ሰዓት ድራይቭ አድርጋ ወደ አመዱ ትሄዳለች። በሰማንያ አንድ ዓመቴ በአመድ እቀናለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበርና፣ ለዚህ ስላበቃችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼም እነሆ፦

፩ኛ፦ አመዳችሁ በተቆፈረለት ጉድጓድ ውስጥ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎለት፣ ነፋስ ሲነሣ ውሃ እየተረጨለት ይኖራል። እኔ ሚድ ሲቲ ባለው አፓርታማዬ ውሃ የሚረጭልኝ ጣራው ብቻ ነው፤ ያውም ሲዘንብ።

፪ኛ፦ እኔ ስሞት አርባዬ ይወጣል፣ ሙት ዓመቴ ይታሰባል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ነው። አመዱ ግን ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ እንኳ ሠላሳ ዓመት እየተጠየቀ፣ በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃ እየተለካ እንደሚኖር ኤልዳና ነግራኛለች። እንዲህ ያለ ተዝካር ለየትኛው ባላባት ተደርጎ ያውቃል?

፫ኛ፦ ቅናቴን ብገልጥላት፣ "አባባ፣ አንተ ጓደኞችህ እነ ጋሽ ወንዳፍራሽ አሉህ፤ አመዱ እኮ ከእኔ ሌላ ጠያቂ የለውም" አለችኝ። አንቱታው ከቀረብኝ ቆይቷል፤ ከአመድ ጋር ስመዘን ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ ድርጅታችሁ አመዱን ለግል ተቋራጭ ሊያስረክብ ማሰቡን ስሰማ፣ እሑዴ ይመለስልኛል ብዬ ከጋሽ ወንዳፍራሽ ጀምሬ አርባ ሰው በድጋፍ አስፈረምኩ። ግማሾቹ ስለ ፓርኪንግ መስሏቸው እንደፈረሙ አልደብቅዎትም። በስብሰባችሁም ላይ ቀድሞ ያጨበጨበው አጎንባሽ ሽማግሌ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ከአመዱ ጉድጓድ በታች የሚኖሩ አንዲት እናት ተነሥተው፣ እሑድ ቀን ነፋስ ቢነሣ ወይም የጉድጓድ ውሃችን ቢበላሽ ማን ይደርስልናል ብለው ጠየቁ። የተቋራጩ ሰውም በታላቅ ትሕትና ውሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ መሆኑን አስረዷቸው። እጄ ለጭብጨባ እንደተነሣ ቀረ።

ክቡር ሆይ፣ እሳቱን የሞቀ አመዱን ይጠርጋል። ብርሃኑን ለራስ አስቀርቶ አመዱን ለእንግዳ ማውረስ ነውር ነውና፣ ፊርማዬን ከነአርባዎቹ አንሥቻለሁ። አመዳችሁን በራሳችሁ እጅ ጠብቁት። እሑዴን የሰጠሁት ለእኚያ እናት ውሃ ነው፤ ለእናንተ እንዳይመስላችሁ።

የማያቋርጥ አክብሮቴን ከማያቋርጥ ቅናቴ ጋር አቀርባለሁ፤
የአመዳችሁ ጣውንት፣
ነጋሽ አምሃ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እሑድ ኤልዳና መጥታ ገና እጃችንን ሳንታጠብ ስልኳ ጠራ፤ የመኪናዋን ቁልፍ ያቀበልኳት እኔው ነኝ። የቦርዱ አባላት እሑድ ሥራ እንደሌላችሁ ስለሰማሁ፣ ሁለተኛ መሐንዲስ እስክትቀጥሩ ድረስ ተራ በተራ እየመጣችሁ ምሳ ብታበሉኝ አልቀየምም። አመዱንም ሰላም በሉልኝ፤ ይቅር እንዳልኩት ግን አትንገሩት።