በልኬ የሚታጠፈው ብረት

ሰኞ፣ ጥቅ. 6፣ ጠዋት
ዛሬም እንደጎበጥኩ ተነሣሁ። ከቤት እስከ ኤረር በር ሱቄ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ፣ አንዱን በሰው ደጃፍ ላይ። ሰላም የሚለኝን የማውቀው በጫማው ነው፤ ፊት ካየሁ ቆየሁ። ስፌት መኪናው ነው ያጎበጠኝ ብዬ ነበር፤ የሚያክመኝ ዶ/ር ግን አይደለም፣ ዕድሜ ነው ይላል። ደከመኝ፣ ማስታወሻዬ።

ማክ. 7
ዶ/ሩ ከአዲስ አበባ ደወለ። በቀዶ ጥገና ጀርባዬ ውስጥ ገብቶ የሚያቀናኝ ብረት በእኔው ልክ ሊሠራ ነው። ባለፈው እዚያ ሄጄ ቆሜ የተነሣሁትን ራጅ በኮምፒዩተር ለክተው፣ ውጭ አገር አጥፈው ይልኩታል። ትእዛዙ ዓርብ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ መለወጥ የለም። ባለቤቴ ሰናይት አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን ለሰው ስለካ፣ እኔን የለካኝ የለም።

ረቡዕ
ጀርባዬ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቁልፍ ብቻ ተከልኩ።

ሐሙስ 9፣ ከሰዓት
ደንበኛዬ ሐጂ ከድሬ ጠያራ መጡ፤ ለልጃቸው የኒካሕ ሠርግ ኮት ሊያሰፉ። ሜትሩን ሳወጣ ሆዳቸውን ሳቡ። ሁሉም ይስባል። ሐጂ፣ ይተንፍሱ፣ ኒካሑ ዕለት ሩዙ ላይ ቁልፍ እንዳይፈናጠር አልኳቸው። ወላሂ፣ ሆዴ ሜትር ሲያይ ራሱ ነው የሚገባው አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ያን ዕለት ራጅ የምታነሣው ልጅ እንደ ወትሮዎ ይቁሙ ብላኝ ነበር። አፈርኩ። ከመስታወቱ ኋላ ስትገባ የማሽኑን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩና ትንፋሼን ውጬ ተቃናሁ። ጥሩ ነው ስትለኝ ኮርቼ ወጣሁ። ለማንም አልነገርኩ።
ብረቱ የሚታጠፈው ለዚያ ለተቃናው ሰውዬ ነው።

ዓርብ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል
ለሰናይት ነገርኳት። ራጁ ከተደገመ የቀዶ ጥገና ተራዬ ያልፋል። ይቺን ተራ ዓመት ጠብቄአታለሁ። ሌላ ዓመት ጫማ ማየት አልችልም አልኳት፤ ከልቤ ነው። እሷም፣ ደንበኛ ሆዱን እንደሳበ ብታውቅ ጨርቁን ትቆርጥ ነበር ወይ አለችኝ።
አልቆርጥም።
ፈርቻለሁ። እንዳልቀባጥር የምለውን እዚህ ልጻፈው፦ ዶክተር፣ ትእዛዙን እንዳይልኩ። ያን ዕለት ማሽኑን ይዤ ነው የቆምኩት። እንደገና ያንሱኝ። አሁን እንደጎበጥኩ እቆማለሁ።
ደወልኩለት። እየጠራ ነው