ሁለት ነጥብ ለናቲ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10። ከቀኑ 10 ሰ.

ጀፕ፣ የሐበሻ ሱቆቹ ሰፈር፣ ጭር ብሏል። የሱቃችንን ብርድ ልብሶች ደርድሬ ጨረስኩ። አባባ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። ስለዚህ ደብተሬ፣ ጊዜ አለን። ቅዳሜ ጨዋታችን ከናቲ ቡድን ጋር ነው።

ታውቂዋለሽ፣ ግን ልድገመው። አምና፣ የመጨረሻው ጨዋታ። አግብተን በአንድ ነጥብ አንሰናል። በአሜሪካን ፉትቦል ካገባህ በኋላ ምርጫ አለህ፦ ኳሷን በእግር መትተህ በቋሚዎቹ መሃል ካሳለፍክ አንድ ነጥብ፤ ከመስመሩ አጠገብ ተነስተህ እንደገና ይዘህ ከገባህ ሁለት። በአንዱ አቻ እንወጣ ነበር። ረዳት አሰልጣኙ እኔ ሁለት አልኩ። ኳስ አከፋፋያችን የአጎቴ ልጅ ሄኖክ ነው። ከዳር ሆኜ በአማርኛ "በቀኝ!" ብዬ ጮህኩለት። ሁሌም እንዲህ ነን። ዙሉም እንግሊዝኛም የሚሰማ ሞልቷል፣ አማርኛ ማን ይሰማል ብለን።

ናቲ ሰማ። ሰላም ስለው በእንግሊዝኛ ብቻ የሚመልስልኝ፣ አማርኛ ረስቷል ያልኩት ናቲ። ጨዋታውን ያስተማርኩት እኔ፣ የመጀመሪያ ጫማውን የሰጠሁት እኔ። ቀኝ ላይ ጠብቆ ሄኖክን ጣለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12። 12 ሰ.

ከልምምድ መልስ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለሄኖክ ነገርኩት፦ ጨዋታውን ሙሉ በአማርኛ እውነቱን እጮሃለሁ። ናቲ ይመነኝ። ሁለት የምንሞክርበት ሰዓት ሲመጣ "በቀኝ" እላለሁ፣ አንተ በግራ ትገባለህ። ናቲ ሰው ሁሉ እያየው ባዶ ሣር አቅፎ ይቀራል። ሄኖክ መቼ ነው የምንሞክረው አለ። እሱን ለእኔ ተወው አልኩት።

ዋናው አሰልጣኝ ባባ ታቦ ወረቀቱን ሰጠኝ። በስንት ነጥብ ስታንስ አንዱን፣ በስንት ስታንስ ሁለቱን እንደምትሞክር ይላል። ምርጫው ያንተ ነው አለኝ፤ ዘንድሮም ከተሳሳትክ ግን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

ጾም ላይ ነኝ። ሥጋና ወተት ትቻለሁ፣ ቂም መተው አቃተኝ። የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ያፍሩብኛል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14። 12 ሰ.



ቴምቢሳ፣ የነሱ ሜዳ። ቀኑን ሙሉ እውነት ጮህኩ። ናቲ እየሰማ ሁለት ጊዜ አስቆመን። ቻልኩት። 20 ለ14 አንሰን፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ሄኖክ አገባ፣ ስድስት ነጥብ። 20 እኩል። የቀረው ምርጫው ብቻ።

አንድ ይበቃል። ሕፃንም ያውቀዋል። መቺያችን ዘንድሮ አንድም አልሳተም። ግን ናቲ እዚያ ቆሟል፣ ጆሮውን አቁሞ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት። ሄኖክ ያየኛል። ባባ ታቦ ያየኛል። ሁለት ጣት አነሳሁ።

አንዱን አጠፍኩት። እንዴት እንዳጠፍኩት አላውቅም።

ተመታ፣ ገባ። 21 ለ20። ሁሉም ይጨፍራል፣ እኔ እንደተዘረፈ ሰው ቆሜያለሁ።

ናቲ መጥቶ እጄን ጨበጠ። በአማርኛ፣ ከእኔ በጠራ አማርኛ፣ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ሁለት ሞክራችሁ "በቀኝ" ብትል ግራ ላይ ነበር የምጠብቃችሁ፤ ቀኑን ሙሉ እውነት ስትጮህ ውሸቷን ለመጨረሻ እንዳስቀመጥካት ገብቶኛል አለ። ሳቀ። ያንኑ ሳቅ።

እሁድ፣ ሰኔ 15። 8 ሰ.

ከቤ/ክ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ እየደወለ እንኳን ደስ አለህ ይላል። ደስታው እኔ ጋ አልደረሰም።

ነሐሴ ላይ በኛ ሜዳ እንገናኛለን። ወስኛለሁ። ለሄኖክ ደወልኩ፦ "በቀኝ" ብዬ እጮሃለሁ፣ በቀኝ ትገባለህ። ናቲ ግራ ላይ ቆሞ ይጠብቀን።

ሄኖክ ግን፣ ናቲ ይህንንም ቢያስበውስ አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁበት።