ከገመዱ ወዲያ ያለው ቄጠማ

መጋቢት 18

ዝናብ። ጉልበቴ ከትናንቱ ይሻላል። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም፤ ምስርና ዳቦ ተሸክሜ አምስተኛ ፎቅ በእግሬ... ጄኔቭ መጥተን እዚህ ለዛቫንሼ ሰፈር የገባን ሰሞን ይሄ ደረጃ ጨዋታ ነበር።

ዲቦራ ከዙሪክ ደወለች። ቅዳሜ ትመጣለች። ናፈቅኳት ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ለካ ለአሸዋዋ ነው። ሰው ስለጎደላቸው እኔም እንድመጣ ጠየቀችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ድርጅት ፖስታ ክፍል የሰው ደብዳቤ ሳመላልስ የኖርኩት ልጄ ሐኪም ትሆናለች ብዬ ነበር። እሷ የሐይቅ ዳር ሣር አጥንታ አረፈችው።

እሺ አልኳት። እኔ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ? ቤተክርስቲያን "ጋሽ አለ" የሚል ስም አውጥተውልኛል። ወንበር አለ? አለ። ትልቅ ድስት አለ? አለ። ከየት እንደማመጣው የምጨነቀው ከዚያ በኋላ ነው።

መጋቢት 20

ወገቤ ተቆረጠ። ግን ደስ የሚል ድካም ነው።

ቦታው ከጄኔቭ ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ አሸዋማ የሐይቅ ዳር ነው። ድሮ ግንብ ነበረበት። ከሦስት ዓመት በፊት ግንቡን አፍርሰው አሸዋውን መለሱት፤ ከዚያ ዲቦራና ባልደረቦቿ ሣር ተከሉበት። ነፋስ አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ይደክመዋል፣ አሸዋውን ጥሎ ይሄዳል። የወደቀውን አሸዋ ሥሩ ከሥር እየሮጠ ይይዘዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጉብታ ይሆናል። በሦስት ዓመት ጉልበቴ ድረስ ደርሷል። ማዕበል ሲመጣ የሚመክተው እሱ ነው። ይሄን ሁሉ በደንብ የሰማሁት ዛሬ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትነግረኝ የት ነበርኩ?

ሰኔ ላይ የአካባቢው ማዘጋጃ፣ ኮሚዩኑ፣ ይወስናል። ሣሩ አሸዋውን ከያዘ ዳርቻው በሙሉ እንደዚሁ ይለማል። ካልያዘ እንደ ሌላው ቦታ ትልልቅ ድንጋይ ይደረደርበታል። ሥራዬ በሙሉ እዚህች ላይ ነው አለችኝ። እጇ እስከ ክንዷ አሸዋ ነበር።

አርባ ችግኝ ተከልኩ። ሰው እንዳይረግጠው ዙሪያውን ገመድ ያሰርኩትም እኔ ነኝ። የፖስታ ክፍል ቋጠሮ፣ አይፈታም። ቅጠሉን ሳየው ቁርጥ ቄጠማ! እኛ አገር ይሄን ለበዓል እናጭደዋለን ብዬ ቀለድኩባት።

"ይሄ አይታጨድም አባዬ" አለች እየሳቀች። "ገና ቤቤ ነው።" ሕፃን ነው ማለቷ ነው።

ሳንጨቃጨቅ የዋልነው መቼ ነበር? እናቷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ሚያዝያ 5

ሆሣዕና። ዘንባባው ከአበባ ሱቅ ተገኘ። የቅዳሜው ቄጠማ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተልኳል፤ ክሎተን፣ የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ዕቃ ጭነት የሚሠራው ሱራፌል ተቀብሎ በባቡር ያመጣልናል። ኃላፊው እኔ ነኝ። አለ ብያለሁ።

ሚያዝያ 9

ጸሎተ ሐሙስ። እግር አጠባው ሳያልቅ ሱራፌል ደወለ። ካርቶኑ አላለፈም። ላኪዎቹ የዕፅዋቱን የጤና ወረቀት ሳያያይዙ ነው የላኩት፤ ፍተሻው ላይ ቀረ። በጣም አዝኗል ልጁ። እሱ ምን ያድርግ?

ሦስት አበባ ሱቅ ዞርኩ። ጽጌረዳ ሞልቷል። ነገ ስቅለት ነው፤ ሁሉም ዝግ።

የበዓሉን ዝግጅት የሚመሩት ወይዘሮ ሐረገወይን በር ላይ ያዙኝ። መቶ ሃያ ሰው ይመጣል አሉ። እዚህ የተወለዱት ልጆች ዓመት ሙሉ የሚጠብቁት ቄጠማ ራሳቸው ላይ የሚያስሩባትን ቅዳሜ ነው አሉ።

"ጋሽ ንዋይ፣ ቄጠማው አለ አይደል?"

"አለ" አልኩ።

አፌ ነው ያለው... እኔ ምን ልሁን?

ሚያዝያ 10

ስግደት። ስንት እንደሰገድኩ እንጃ። ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ያ ሣር ይታየኛል። ጫፍ ጫፉን ብቻ ቢሆንስ? አገር ቤት ቄጠማ ታጭዶ መልሶ ይበቅል የለም? ሣር አይደል እንዴ?

ዲቦራን ልጠይቃት ስልኩን አነሳሁ። እምቢ ብትለኝስ? መልሼ አስቀመጥኩት።

ሚያዝያ 11

በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። የወጥ ቤት ቢላና ሁለት የገበያ ከረጢት። ሐይቁ ዳር ማንም የለም። ራሴ ያሰርኩትን ገመድ ራሴ ተሻገርኩት።

መጀመሪያ ጫፍ ጫፉን ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ለመቶ ሃያ ሰው ጫፍ ምን ይበቃል? ወደ ታች ወረድኩ። እጄ ቀዘቀዘ፣ ቢላው ዶለዶመ፣ መሳብ ጀመርኩ። አዲሶቹ ችግኞች ከነሥራቸው መጡ። ሲወጡ ድምፅ አላቸው... ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ፣ ትንሽ። መልሼ ልተክላቸው ሞከርኩ። አሸዋው ደረቅ ነው፣ አልቆሙም። ሰዓቱ ሄደብኝ። እነሱንም ከረጢቱ ውስጥ ከተትኳቸው።

ቤተክርስቲያን ደረስኩ፤ ቄሱ ርግቧ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ለኖኅ በለምለም ቄጠማ እንዳበሰረች አስተማሩ። ቄጠማው ታደለ። መቶ ሃያ ሰው ራስ ላይ የልጄ ሣር። ወይዘሮ ሐረገወይን ጋሽ ንዋይ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር ብለው ሳሙኝ። ደስ አለኝ። እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ እንጂ... በዚያን ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ዲቦራ ለምሳ መጣች። የራሴን ቄጠማ በር ላይ ካለው የካፖርት መስቀያ አንጠልጥዬው ነበር። ካፖርቷን ልትሰቅል ስትል አየችው። ቆመች። አንዱን ዘለላ በሁለት ጣቷ አዟዟረችው። ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ።

"ከዙሪክ" አልኩ። "ሱራፌል አመጣው።"

አንዷን ዘለላ መዝዛ ደብተሯ ውስጥ አስገባች። ለማስታወሻ ነው አለች። ምሳውን ነካ ነካ አድርጋ ተወችው። የባቡር ድካም ይሆናል።

ሚያዝያ 15

ቢዝ ተነሣ። ይሄ የጄኔቭ ነፋስ አንዴ ከተነሣ ቶሎ አይተኛም። መስኮቱ ያፏጫል። ቀኑን ሙሉ እሱ ሥር ቆሜ ዋልኩ። ጉልበቴን አመመኝ።

ሚያዝያ 18

ዲቦራ ከሐይቁ ዳር ደወለች። ጉብታው የለም። ነፋሱ አሸዋውን ጠርጎት፣ የቀረውን ማዕበሉ ወስዶታል። አዲሶቹ የተተከሉበት ባዶ ሆኗል። ባልደረቦቿ ዝይ በልቶት ነው ይላሉ።

ዝይ ሊሆን ይችላል አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት! ምስኪን ዝይ።

ዝይ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም አለች። ከዚያ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ።

ሚያዝያ 24

ሁለት ጊዜ ቁጥሯን መትቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። ሦስተኛ አልሞከርኩም።

ግንቦት 9

ሐይቁ ዳር ተቀመጥን፣ እኔና እሷ ብቻ። ፀሐይ ነበር። የእርጎ ጣሳ ውስጥ ፍራፍሬ ቆራርጣ አምጥታልኛለች፤ እናቷም እንዲህ ነበር የምታደርገው። ሪፖርቱን ሰኞ እንደምታስገባ ነገረችኝ። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር፦

"አባዬ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?"

ዕድሜ ልኬን አለ ስል የኖርኩ ሰውዬ...

"የለም" አልኩ።

"ዳኮር" አለች። እሺ ማለቷ ነው። ከዚያ የእርጎ ጣሳውን ከደነች። ለምን አለ አላልኩም? ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ልጄ ፊት ማነስ ፈራሁ። አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

ሰኔ 12

ተወሰነ። ድንጋይ ነው።

በአንድ ነፋስ የተወሰደ ሣር ዳርቻ አይጠብቅም ብለዋል። ሪፖርቱ ላይ የጉዳቱ ምክንያት "አልታወቀም" ይላል። ዲቦራ ናት የጻፈችው። ሰው ቆርጦት ነው ቢባል ኖሮ ጥፋቱ የሣሩ አይሆንም ነበር፣ አንድ ዓመት ጨምረው እንደገና ይሞክሩት ነበር። ይሄን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም።

አንድ ቃል ነበር ከእኔ የሚፈለገው። በግንቦት ብናገር ሣሩ ይተርፍ ነበር። በሚያዝያ ብናገር... ተወው።

ሰኔ 14

አፎልተርን፣ ዙሪክ ዲቦራ ቤት፣ ደርሼ ተመለስኩ። በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ የምለውን ሳሰናዳ ሄድኩ። ሎዛን ላይ አሳምሬው ነበር፤ በርን ከተማ ስንደርስ ጠፋብኝ። በሩን ስትከፍትልኝ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት" አልኩ።

"አውቃለሁ" አለች።

አስቀመጠችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። ከመደርደሪያ የካርቶን አቃፊ አወጣች። ውስጡ አንድ ነጭ ወረቀት፤ ወረቀቱ ላይ በስስ ወረቀት የተለጠፈች የደረቀች ዘለላ። ከፋሲካው ቄጠማ የመዘዘቻት። ከሥሯ በእሷ የእጅ ጽሑፍ የሣሩ ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ። ቀኑ ያ ቅዳሜ ነው። የመጨረሻው መስመር "የሰበሰበው" ይላል። ፊት ለፊቱ ባዶ ነው። ለሚያጠኑት ተክል ሁሉ እንዲህ እንደሚያደርጉ ነገረችኝ፤ ምን፣ ከየት፣ መቼ፣ ማን።

"በእጄ የተከልኩትን እንዴት አላውቀውም?" አለች። "እስክትነግረኝ ጠበቅኩህ።"

ታዲያ ሪፖርቱ ላይ ለምን አልጻፍሽውም አልኳት።

"ማነው የቆረጠው ይሉኛል። ምን ልበል? ሞን ፔር... አባቴ ነው ልበል?"

ሰባት ዓመቷ ሳለ የቆረጥኩላትን የልጅ ቲኬት በማግስቱም ልጠቀምበት ስል ቀኑ ተጽፎበታል፣ አይሆንም ብላ ያስጣለችኝ ልጅ ናት። ሳትዋሽ ያደገች። እኔ ዋሸሁ፤ ከዚያ እሷን በስሟ አስፈርሜ አስዋሸኋት። ለቤተክርስቲያን ብዬ ነው እንዳልል አይደለም። ቤተክርስቲያን መቼ ስረቅልኝ አለችኝ? ጋሽ አለ እንዲባልልኝ ነው።

ባዶውን መስመር ልሞላ እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣሁ።

"አሁን ምን ያደርጋል" ብላ አቃፊውን ዘጋችው።

ስመለስ ባቡር ላይ አለቀስኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ።

ሐምሌ 9

ኮሚዩኑ ለደብዳቤዬ መለሰ። ሁሉንም ጽፌላቸው ነበር፤ ቢላውን፣ ከረጢቱን፣ ስሜን፣ አድራሻዬን። ስለ ዲቦራ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ስለ ግልጽነቴ ያመሰግናሉ። ድንጋዩ ግን ታዟል፤ ውሳኔው አይለወጥም። ቢቀጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ጳጉሜን 4

ትናንት ሄጄ አየሁት። ድንጋዩ ተደርድሮ አልቋል። ንጹሕ ሥራ ነው፣ ልጆች እየዘለሉበት ነበር። ገመዴ ከአንድ እንጨት ጋር ጥግ ላይ ተጥሏል። ቋጠሮው እንዳለ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ሐረገወይን ደወሉ። ለእንቁጣጣሽ አዳራሹ ወለል ላይ የሚጎዘጎዝ ፈልገው ነው።

"ቄጠማ አለ አይደል ጋሽ ንዋይ?"

"የለም" አልኩ።

አመመዎት እንዴ ብለው ሳቁ። ነገርኳቸው። ከሱራፌል ካርቶን ጀምሬ እስከ ድንጋዩ ድረስ አንድ ሳላስቀር። እኔም እኮ ራሴ ላይ አስሬዋለሁ አሉ በመጨረሻ። ዘንድሮ በባዶው ወለል ይከበራል፤ ለምን እንደሆነ ለሰዉ ራሴ እነግራለሁ ብያለሁ።

ዲቦራ ከሰኔ ወዲህ አልመጣችም። እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ ጉልበቴን ትጠይቃለች፣ ትዘጋለች። ቅዳሜ ጄኔቭ የሚያመጣት ነገር አሁን የላትም። ድሮም ለእኔ ብላ አልነበረም የምትመጣው። ግን ትመጣ ነበር።

ከሰዓት ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ትልቅ ፖስታ አገኘሁ። ከአፎልተርን። ደብዳቤ ፈለግኩ፣ የለውም። ያ ወረቀት ብቻ ነው፤ ዘለላዋ እንዳለች፣ ባዶው መስመር እንዳለ። ከባዶው አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጋለች፤ ሰው የት ጋ እንደሚፈርም ሲያሳዩት እንደሚደረገው።

ምን ማለቷ ነው? ይቅርታ ነው? ወይስ መዝገቡ ጎደሎ እንዳይቀር ብቻ? አልጠይቃትም። ማለት የፈለገችውን ስትፈልግ ትበለው።

ስሜን ከነአባቴ ስም በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ዘለላዋ እንዳትሰበር በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌ አሸግኩት፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። ነገ ጠዋት በሪኮማንዴ እልከዋለሁ፤ ተቀባይዋ ራሷ ፈርማ እንድትወስደው።