አርባ ሰዓት የተዘፈዘፈው ኒኬል

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

አራተኛው ናሙናም ጓጎለ። የትርንጎ ኒኬል እሳት ሲያገኝ ከተቀመጠበት ዱቄት ላይ እየተንሸራተተ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከጓጎለ ወዲያ የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን ካታሊስት አይባልም፣ ሥራ ያቆማል። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ብረቱ ነው። የሚሸከመው ዱቄት ካልያዘው ምን ዋጋ አለው? የእኛ ዱቄት ከጤፍ ጭድ አመድ የወጣ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን አይዝም።

ትርንጎ የማማክራት የማስተርስ ተማሪ ናት፣ የደብረ ኤልያስ መምህርት። ጥናቷን የምታቀርበው የዛሬ ሳምንት ነው፤ የትምህርት ፈቃዷም ያኔ ያልቃል። ካልሆነላት ያለ ዲግሪ ትመለሳለች።

አምስተኛውን ዱቄት ከኒኬሉ ጋር ሞቅ ባለ ውኃ ዘፈዘፈችው። መቆየት ያለበት አንድ ሰዓት ነው። እኔ ግን ቢሮ ጠርቼ በሰንጠረዧ አስርዮሾች ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቆጣኋት። አንዱ ቦታ ሁለት አሃዝ፣ ሌላው ቦታ አራት። ስትመለስ ቤተ ሙከራው ተቆልፏል።

ሐሙስ፣ 12

የሚካኤል ዓመታዊ በዓል። ቴክኒሻናችን አቶ አያሌው ቁልፉን ይዘው አገራቸው አማኑኤል ከተማ ገብተዋል። ደወልኩ።

"ዶክተር፣ በሚካኤል እሳት አላነድም። ይልቅ ይምጡ፣ ጠላው ደርሷል" አሉኝ።

ስልኩን ዘጋሁባቸው።

ዓርብ፣ 13

በማለዳ በሩ ላይ ቆሜ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። አቶ አያሌው ድፎ ዳቦ ይዘውልኝ መጡ። ምን ይባላል?

ዱቄቱ አርባ ሰዓት ተዘፍዝፏል። መብራት አንዴም ጠፍቶ ውኃው አለመቀዝቀዙ የዓመቱ ተአምር ነው። ድፊው አልኳት። አልደፋችውም፤ አጥልላ አደረቀችው።

ቅዳሜ፣ 14

በለመድነው ሙቀት ሃይድሮጅን ለቀቅንበት። ኒኬሉ ወደ ብረትነት ሲለወጥ መጥቆር ነበረበት፤ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ሞቷል አልኩ።

"አልሞተም መምህር። ኒኬሉ ዱቄቱ ላይ ሙጭጭ ብሎ ነው። እሳቱን እንጨምርለት።"

የቀረን ሃይድሮጅን ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው። ተናደድኩ። ትክክል ስለሆነች መሰለኝ። ሰኞ ይሁን አልኳት።

ሰኞ፣ 16

እሳቱን ጨመርንለት፤ ጠቆረ። ቢጫውን የሙከራ ፈሳሽ እንደ ውኃ አጠራው። ዱቄቱን አጥበን ደገምን። አምስት ጊዜ! የቀደሙት በሁለተኛው ነበር የሚደክሙት።

ምክንያቱ ይገባኛል። ብዙ ሲዘፈዘፍ ኒኬሉ ከዱቄቱ ጋር ተዋህዷል፤ ስለዚህ እሳት ሲበዛበትም አይንሸራተትም። ጊዜና ሙቀት ነው ብዬ ለአቶ አያሌው አስረዳኋቸው።

"ታዲያ ጊዜውን ማን ሰጠው?" አሉ።

ማክሰኞ፣ 17

ትርንጎ በአሠራር ምዕራፉ አርባ ሰዓት ብላ ጽፋለች፤ ለምን እንደሆነ የለም። እውነቱን አስገቢ አልኳት።

"እርስዎ በአስርዮሽ ያቆዩኝንም?"

ፊቷ ላይ ሳቅ አይታይም። አስገቢ አልኳት።

ረቡዕ፣ 18

ፈታኙ አርባ ሰዓቱ ከየት መጣ አላት። የተቆለፈውን በር ተናገረች፤ እኔንም አልማረችኝም። አዳራሹ ሳቀብኝ።

አለፈች። ለኅትመት ከመላኩ በፊት ግን ሆን ተብሎ ይደገም ተብሏል። እኔም ብሆን ይህንኑ እል ነበር፤ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ገና ውጤት አይደለም። ትርንጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ኤልያስ እየመጣች ትሠራለች። ሃይድሮጅን አልቋል፤ ነገ ከግዢ ክፍል ጋር መጨቃጨቅ አለብኝ።

ባይደገምስ? ዲግሪው የእሷ ነው፣ ማንም አይወስድባትም። ጭንቀቱ የእኔ ብቻ ነው። ይመቸኛል።