ከታችኛው ኬላ በላይ፣ ከላይኛው ኬላ በታች

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ኦርቪል ፊንስተር
የቴሊሰን ተራራ መንገዶች የበረዶ ወራት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሴራ ኔቫዳ፣ ካሊፎርኒያ

ክቡር ሆይ፦

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ቤተሰብዎንም፣ ማሞቂያው ጠፍቶ አያውቅም የሚባልለትን ቢሮዎንም በፍጹም ጤና እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ባለፈው ዓመት የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ደረጃ መውጣት እንደሚከብድዎ ሲናገሩ አንጀቴን በልተውት ነበር። እኛ ከተራራው ማዶ ያለነው የሃርፐር ሜዳ ሰዎች ደህና ነን። በረዶው ገና አልወረደም፤ ደብዳቤዎ ግን ቀድሞት ደርሷል።

ባለፈው የካቲት ስለሆነ ነገር በዚህ በጥቅምት ስለጠየቁኝ ቅር አላለኝም። እንዲያውም አመሰግናለሁ፤ ስምንት ወር ሙሉ ስለ እኔ ያሰበ ሰው ከእርስዎ በቀር የለኝም፤ ባለቤቴ ቬርን እንኳ በመካከሉ የልደት ቀኔን ረስቶታል። ደብዳቤዎ ሁለት ጥያቄ ይዟል። የመጀመሪያው፣ በዚያን ቀን አራቱም ጎማዋ በሚጎትተው መኪናዬ ውስጥ የጎማ ሰንሰለት ይዤ ነበር ወይስ አልያዝኩም? ሁለተኛው፣ ደንብ ተላልፎ ሰንሰለት በሰጠኝ ሰንሰለት አሳሪ ቢጫ ሰደርያ ጀርባ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነበር? በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለስኩ፣ መንገዱ ሲዘጋ ነዋሪዎችን የምታሳልፈው የማለፊያ ወረቀቴ ትሰረዛለች። ያቺ ወረቀት ከሌለችኝ ደግሞ ለቬርን ኦክስጅን ላመጣ ወደ ሸለቆው መውረድ አልችልም። ይህን አያውቁም ብዬ አልጠረጥርዎትም፤ ወረቀቷ የተሰጠችኝ ለዚሁ መሆኑን ጽፈው የፈረሙት እርስዎ ነዎት።

መልሴን በጋዜጣ ያወጣሁት ጎረቤቶቼም ሰንሰለት መያዝ ይገባል ወይ ብለው በየዓመቱ ስለሚጠይቁ ነው። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተማርኩት በትምህርት ቤቱ ማእድ ቤት ለሁለት መቶ ልጅ ሾርባ ሲያንስ ውሃ መጨመርን ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢቀጥን ይታገሡኝ።

አንደኛ፤ ስለ ምክርዎ ብዛት አመሰግናለሁ። አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ያለው ሰው በበረዶ ወራት ሰንሰለት ይያዝ ወይስ አይያዝ ለሚለው ጥያቄ እኛ አንድ መልስ ብቻ ያለው ይመስለን ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ለጋስ ነው። መንገድ ዳር የተከላችሁት ሰሌዳ ሁሉም መኪና ሰንሰለት ይያዝ ይላል። በስልክ የምትመልሰው የተቀዳች ድምፅ፣ የበረዶ ጎማ ያለው እንደኔ ያለ መኪና ሰንሰለት ለማሰር አይገደድም ትልና፣ መያዝስ ብለን ጆሯችንን ስናቆም ሙዚቃ ትከፍትልናለች። የታችኛው ኬላ ሠራተኛ ተዪው ትላለች፤ የላይኛው ኬላ ሠራተኛ እሰሪው ይላል። በዚህ ላይ ከመኪናዋ ጋር የመጣው መጽሐፍ ወፍራም ሰንሰለት ከጎማው በስተጀርባ ያለውን አካሏን ስለሚቧጭር እንዳይታሰር ብሎ በደማቅ ቀለም አስጠንቅቋል። ቬርን ይህን ሁሉ አንብቦ «ሎሬታ፣ ይዘሽው ሂጂና እንዳልያዘ ሰው ሁኚ» ብሎኝ ነበር። ከሁላችሁም ይልቅ ግልጽ አድርጎ የተናገረው እሱ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሳጥኑ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። በእኛ መንደር ሰንሰለት በመከር ይገዛል፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ክረምቱን በመኪና ውስጥ ይከርማል፤ በረዶው ሲቀልጥ ማሸጊያው ካልተቀደደ ሱቁ መልሶ ይቀበለናል። በመከር ደግሞ ያንኑ እንገዛለን። እኔና ቬርን ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱን ሳጥን ስንገዛና ስንመልስ ኖረናል፤ ጥጉን ውሻችን ያኘከው ስለሆነ ከሩቅ አውቀዋለሁ። የኬላ ሠራተኞችዎም ያውቁታል። «ሳጥኑ አለ?» ይላሉ፤ እኔ ከኋላ ከፍቼ አሳያለሁ፤ «በሰላም ግቢ!» ይሉኛል። ስድስት ክረምት ሰላምታ ተሰጠው፤ አንድም ሰው ውስጡ ምን አለ ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሦስተኛ፤ ስለዚያ ማክሰኞ።

ሰኞ ዕለት በረዶው የመብራቱን ሽቦ በጠሰውና የቬርን መተንፈሻ መሣሪያ ጸጥ አለ። አርባ ዓመት በእንጨት መሰንጠቂያ የሠራ ሰው ሳንባ ያለዚያ መሣሪያ ወይ ያለ ኦክስጅን ሲሊንደር አይሆንለትም። ማክሰኞ ጠዋት የቀረችን አንዲት ሲሊንደር ብቻ ስለነበረች፣ ጎረቤታችንን ማይቴ ኢቸቨሪን አጠገቡ አስቀምጬ ወደ ሸለቆው ወረድኩ፤ ያኔ ማሰር ገና አልታዘዘም ነበር፤ አራት ሙሉ ሲሊንደር ጭኜም ተመለስኩ። በታችኛው ኬላ ያለችው ሴት ሳጥኑን ላሳያት ስል «ኧረ ተዪው እቴ! አራቱም ጎማው ይጎትት የለ? ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሰው አታስቁሚ» አለችኝ። መረቅኋት።

ከአራት ማይል በኋላ የላይኛው ኬላ ላይ ያሉት ሰውዬ «ዛሬ ማሳየት የለም፤ ማሰር ነው» አሉኝ። እሺ ብዬ ሳጥኑን አወጣሁ። በጩቤያቸው ማሸጊያውን ሲቀድዱት፣ ለስድስት ዓመት የጠበቅሁት ማሸጊያ ነውና ልቤ ስንጥቅ አለ። ከውስጡ የወጣው የዛገ፣ የትንሽ መኪና ሰንሰለት ነበር። አንድ ብልጥ ሰው፣ ሳጥኑ ወደ ሱቁ ተመልሶ ሳለ፣ ገዝቶት አሮጌውን ከትቶ፣ አሽጎ፣ አዲሱን ይዞ ሄዷል። «እመቤቴ» አሉኝ ሰውዬው፣ ሳቃቸውን በጓንታቸው ሸፍነው፣ «ይሄ የጎማዎን ግማሽ እንኳ አያቅፍም።»

ተመለሺ ተባልኩ። ተመለስኩ። የታችኛው ኬላ በአግዳሚ እንጨት ተዘግቶ ያችው ሴት ቆማለች።

«ሰንሰለት ያላሰረ አይወርድም።»

«አሁን ያሳለፍሽኝ አንቺው አይደለሽም?»

«ያ መውጣት ነበር፣ የኔ እህት። ይሄ መውረድ ነው።»

የማለፊያ ወረቀቴን አሳየኋት፤ ወረቀቷ ለተዘጋ መንገድ እንጂ ላልታሰረ ጎማ አትሠራም አለችኝ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከላይ መግባት፣ ከታች መውጣት ተከልክዬ፣ የእርስዎ በሆነው አራት ማይል መንገድ ላይ ቀረሁ። ወደ ላይኛው ኬላ ተመልሼ መንገድ ዳር ቆምኩ፤ ስልክ የሚሠራው እዚያ ነው። ቤቴ ከዚያ ስድስት ማይል ነው። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ መኪና ቆሟል፤ የሁሉም አራቱም ጎማ ይጎትታል፤ የሚሄድ ግን አልነበረም።

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ማይቴ ደወለች። «ቀስቷ ሺህ አራት መቶ ላይ ናት» አለችኝ፤ የቀረውን ኦክስጅን የምታሳየውን የሲሊንደሯን መለኪያ ማለቷ ነው። «ቬርን እየቀለደ ነው፤ ዝም በል በዪው፣ ትንፋሹን ይጨርሳል» ብላም ጨመረች። በስድስት ሰዓት ሺህ ሆነች። አራቱ ሙሉ ሲሊንደሮች ከኋላዬ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ እንደ ሕፃናት ተኝተዋል።

አራተኛ፤ ስለ ደኅንነቴ ያደረጋችሁትን ጥንቃቄ በዝርዝር ላመስግን። የበረዶ ጠራጊውን ሹፌር እኔን ተወኝ፣ አንዲት ሲሊንደር ብቻ አድርስልኝ ብዬ ለመንኩት፤ አደገኛ ዕቃ መጫን በጽሕፈት ቤትዎ ተከልክሏል አለኝ። ልክ ነው፤ ኦክስጅን አደገኛ ነው፤ ያለመኖሩን አደጋ ግን ደንቡ ላይ አላገኘሁትም። የጠራሁት አምቡላንስ በታችኛው ኬላ የአለቃ ፈቃድ ይጠብቅ ነበር፤ አለቃውም ምሳ ላይ ነበሩ፤ ይጣፍጥዎት ብያለሁ። በመጨረሻ አንዷን ሲሊንደር በአንገት ልብሴ ጀርባዬ ላይ አስሬ በእግሬ ተነሣሁ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ የኬላው ሰውዬ ሮጠው ደረሱብኝና እግረኛ በዚህ መንገድ መሄድ ክልክል ነው ብለው በትሕትና መለሱኝ። ሲሊንደሯን ግን ራሳቸው ተሸከሙልኝ፤ እሳቸውንም የያዛቸው ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ። በሰባት ሰዓት ቀስቷ ስድስት መቶ ላይ ነበረች። ማይቴ ቀልዱ ቆሟል አለችኝ።

አምስተኛ፤ ስለ ሰንሰለት አሳሪዎቹ። እነዚህ ቢጫ ሰደርያ ለባሾች ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ ተንበርክከው የሰው ጎማ ያስራሉ። ፈቃድ የምትሰጧቸው ለማሰር ብቻ ነው፤ መሸጥም ማዋስም ፈቃድ ያስነጥቃል። ከእነሱ አንዱ ጎማዬን አየና፣ ሰንሰለቴን አየና፣ ፊቴን አየ።

«በኔ መኪና ላይ ልክሽ አለ» አለኝ። «ብሰጥሽ እንጀራዬን ይዘጉታል።»

«አትስጠኝ» አልኩት። ከልቤ ነበር፤ የሰው ቤት አፍርሼ የኔን ልሠራ አልፈለግሁም።

ስልኬ ጮኸ። ማይቴ ነበረች፤ ድምፅዋ ለእሱም ይሰማል። «አራት መቶ። ሎሬታ፣ የት ነሽ?»

ሰውዬው ጓንቱን አውልቆ ወደ መኪናው ዞረ። ከዚያ «እኔ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ» አለ። «ስመለስ ጎማሽ አጠገብ ሰንሰለት ወድቆ ካገኘሁ፣ የማን ነው ብዬ አልጠይቅም። የኔ ሥራ ማሰር ነው።»

ሄደ። ሲሄድ ከመኪናው ላይ አንድ ነገር ወደቀ። ተመለሰ፤ አሰረው። እጁ ፈጣን ነበር። የላይኛው ኬላ ሰውዬም አግዳሚውን ሲያነሡ ወደ ሰማይ ያዩ ነበር።

ስምንት ሰዓት አልፎ ቤቴ ገባሁ። ቬርን ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ እንደ ጥቁር ወይን ጠቁሯል። አዲሷን ሲሊንደር ስሰካለት የአሮጌዋ ቀስት መቶ ሃያ ላይ ነበረች። «ምን አቻኮለሽ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ ይኸውልዎ፦ ሳጥን ይዤ ነበር፤ ሰንሰለት አልያዝኩም ነበር። አዎ፣ ሰንሰለት መያዝ ይገባል፤ አራቱም ጎማ ቢጎትትም፣ ስምንት ጎማ ቢኖራትም። ወደ ላይ መውጣቱን መኪናዋ ታውቅበታለች፤ ቁልቁለት ላይ መቆሙን ግን አታውቅበትም። ዘንድሮ መጽሐፉ የማይቆጣበትን ቀጭን ዓይነት ገዝቼ፣ ሳጥኑን ቀድጄ፣ በደረቁ ግቢዬ ውስጥ ሦስት ጊዜ አስሬ ፈትቻለሁ። ጎረቤቶቼ ሆይ፣ እናንተም ሳጥኖቻችሁን ክፈቱ፤ ሱቁ ቅር ይበለው። እርስዎ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ ሰሌዳውን፣ ስልኩንና ሁለቱን ኬላዎች አንድ ክፍል ውስጥ አስገብተው ያስተዋውቋቸው፤ ተያይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ማለፊያ ወረቀቴን ለመሰረዝ ከወሰኑ፣ የሚወስዳትን ሰው ይላኩ። አልደብቃትም፤ ማቀዝቀዣው ላይ ከቬርን የሐኪም ቀጠሮ አጠገብ ተለጥፋለች። መልእክተኛዎ ሰንሰለት ይዞ ይምጣ፤ ከመነሣቱ በፊትም ሳጥኑን ይክፈተው። ሾርባ አቆይለታለሁ።

በሁለት ኬላዎችዎ መካከል ባዋሉኝ ጊዜ ልክ የማከብርዎ፣ ጉልበትዎ እንዲሻልዎ ሁልጊዜ የምመኝ፣ ታዛዥዎ ለመሆን ደጋግሜ ሞክሬ መንገድ የተዘጋብኝ፣

ሎሬታ ኦስትራንደር
ሃርፐር ሜዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለተኛውን ጥያቄዎን አልረሳሁትም። የሰውዬውን የሰደርያ ቁጥር ለማስታወስ በእውነት ሞክሬአለሁ፤ ነገር ግን በዚያን ቀን ሺህ አራት መቶን፣ ሺህን፣ ስድስት መቶን፣ አራት መቶን ስቆጥር ስለዋልኩ ለሌላ ቁጥር ቦታ አልነበረኝም። ለመዝገብዎ የግድ አንድ ቁጥር ካስፈለገዎ፣ የመጨረሻውን ይጻፉት፤ መቶ ሃያ።